«ሲለመድ ይሰፋል»፦ ስለሚያሳምም ጫማ የምንሳሳታቸው ነገሮች

አንድ ጥቁር የቆዳ ጫማ ነበረኝ። ጠዋት ገዛሁት። ሱቅ ውስጥ ስሞክረው የቀኝ እግሬን ትንሿን ጣት ያዝ አደረገኝ። ሻጩ «አይዞህ፣ ሲለመድ ይሰፋል» አለኝ፤ አመንኩት። በማግስቱ የወዳጄ ሠርግ ላይ ዋልኩበት። ማታ ካልሲዬን ሳወልቅ የጣቴ ቆዳ ከካልሲው ጋር ተላጠ። የግራ እግሬ ግን ምንም አልሆነም ነበር።

ከዚያ ወዲህ ሰው «ጫማ አሳመመኝ» ሲለኝ መጀመሪያ የምጠይቀው አንድ ነገር ነው፦ ጠቦህ ነው ወይስ ሰፍቶህ? ብዙዎቻችን ይህን ሳንለይ መፍትሔ እንፈልጋለን። ለጠባቡ ጫማ የሰፊውን መድኃኒት ስንሰጠው ደግሞ ሕመሙ ይብሳል።

«ጫማ ሲለመድ ይሰፋል»

ግማሹ እውነት ነው። እውነተኛ ቆዳ በእግር ሙቀትና በላብ እየለሰለሰ ወደ ጎን ጥቂት ይለቃል። በርዝመት ግን አይጨምርም። ጣታችሁ የጫማውን ጫፍ ከነካ ከዓመት በኋላም ይነካል። ሰው ሠራሽ ቆዳ ደግሞ ብዙም አይለቅም፤ የተለጠጠ ቢመስልም አብዛኛውን ጊዜ ስታወልቁት ተመልሶ ይሰበሰባል።

ስለዚህ ጎኑ ብቻ በትንሹ የያዛችሁ የቆዳ ጫማ ተስፋ አለው። ወፍራም ካልሲ አድርጋችሁ ቤት ውስጥ በየቀኑ ግማሽ ሰዓት ያህል ተንቀሳቀሱበት። ካልበቃው ጫማ ሰፊ ጋ ውሰዱት፤ የእግር ቅርጽ ያለው እንጨት አስገብቶ የሚጠበውን ቦታ ብቻ ለይቶ ያሰፋዋል። ርዝመቱ ካነሰ ግን አትድከሙ፤ ለሚሆነው ሰው ስጡት።

«ልኬን አውቀዋለሁ፣ 41 ነው»

እኔም እንዲህ ስል ነው የኖርኩት። ከተላጥኩ በኋላ ግን ወረቀት መሬት ላይ ዘርግቼ፣ ቆሜበት፣ ሁለቱንም እግሬን በእርሳስ ዙሪያውን ሣልኩ። ከዚያ ጫማውን ሥዕሉ ላይ አስቀመጥኩት። የግራው ልክክ አለ። የቀኙ ሥዕል ግን በትንሿ ጣት በኩል ከሶሉ ወጥቶ ይታያል። የዚያን ቀን ነው የገባኝ።

የብዙ ሰው ሁለት እግር እኩል አይደለም። ጫማ የሚገዛው በትልቁ እግር ነው። ቁጥሩም ቢሆን የሚነግራችሁ ርዝመት ነው እንጂ ስፋት አይደለም። በአውሮፓ ልኬት ከ41 ወደ 42 ያለው ልዩነት 6.7 ሚሊ ሜትር ገደማ ብቻ ነው፤ ከአንዱ አምራች ወደ ሌላው ስትሄዱ ደግሞ ያው 41 ሊጠብ ወይም ሊሰፋ ይችላል። እግርም በዕድሜ፣ በክብደትና በእርግዝና ይለወጣል። በቀን ውስጥ እንኳ ያብጣል፤ ጠዋት ልክ የነበረ ጫማ ማታ ያንቃል። ስለዚህ ከሰዓት በኋላ ግዙ፤ ቆማችሁ ሞክሩ። ከረጅሙ ጣት ፊት 1 ሴንቲ ሜትር ያህል ክፍት ቦታ ይኑር። ረጅሙ ጣት ሁልጊዜ አውራ ጣት እንዳይመስላችሁ፤ በአንዳንዶቻችን ሁለተኛው ይበልጣል።

«ስፖንጅ ቢገባበት ይመቻል»

ለሰፊ ጫማ፣ አዎ። ለጠባብ ጫማ ግን እግርን ወደ ላይ ገፍቶ ከላይኛው ቆዳ ጋር ያጣብቀዋል። የግድ ከፈለጋችሁ የነበረውን ንጣፍ አውጥታችሁ በምትኩ አስገቡ። አንዳንዴ እንዲያውም ንጣፉን በቀጭን መተካት ብቻ ጫማውን ያላላዋል።

«ውሃ አጠጥተህ እሳት ዳር አድርቀው»

ይህን የምትመክሩ እባካችሁ ተዉ። ርጥብ ቆዳ በኃይለኛ ሙቀት ሲደርቅ ይኮማተራል፣ ይደርቃል፣ ይሰነጠቃል። ውሃ የሞላ ፌስታል ጫማ ውስጥ ከትቶ ማቀዝቀዣ ውስጥ ማሳደርም አለ። ውሃ በረዶ ሲሆን መጠኑ 9 በመቶ ገደማ ስለሚጨምር ትንሽ ሊለጥጠው ይችላል፤ የት እንደሚለጥጠው ግን አትመርጡም። ፌስታሉ ካፈሰሰ ደግሞ ጫማው ተበላሸ ማለት ነው።

«ተረከዜን የላጠኝ ስለጠበበኝ ነው»

ብዙ ጊዜ ተቃራኒው ነው። ስንራመድ አጥንቱ ይንቀሳቀሳል፤ ላይኛው ቆዳ ግን ከካልሲውና ከጫማው ጋር ተጣብቆ ይቀራል። በዚህ መሃል የቆዳው ንብርብሮች ይሳሳባሉ፣ ይለያያሉ፣ ክፍተቱ ውሃ ይቋጥራል። ላብ ሲኖር ደግሞ ይብሳል። ተረከዝ ላይ ይህ የሚመጣው በአብዛኛው ጫማው ስለለቀቀና እግር ከፍ ዝቅ ስለሚል ነው።

መፍትሔው ጫማው ላይ ሊኖር ይችላል። በብዙ የስፖርት ጫማዎች ከላይ አንድ ትርፍ ቀዳዳ አለ። ክሩን በዚያው ጎን ወደዚህ ቀዳዳ አስገቡና ትንሽ ቀለበት ተዉ፤ በሌላውም ጎን እንዲሁ። ከዚያ የቀኙን ጫፍ በግራው ቀለበት፣ የግራውን በቀኙ አሳልፋችሁ ጠበቅ አድርጉና እሰሩ። ተረከዛችሁ ቦታው ላይ ሲያዝ ወዲያው ይታወቃችኋል።

ፕላስተር ከመላጣችሁ በፊት ነው የሚለጠፈው፤ ቦታው ሞቅ ሞቅ ሲል ቆም ብላችሁ ለጥፉ። ውሃ ከቋጠረ በኋላ ቆዳውን አትላጡት፤ ከሥሩ ላለው ቁስል ሽፋን ነው። ለረጅም መንገድ የጥጥ ካልሲ አይመረጥም፤ ላብ ይዞ ይቀራል።

«ታኮ ከሌለውና ለስላሳ ከሆነ ጥሩ ነው»

ረጅም ታኮ ክብደትን ወደ ፊት፣ ወደ ጣቶች ሥር እንደሚገፋ እውነት ነው። ግን ወረቀት የመሰለ ጠፍጣፋ ሶልም ውስጥ እግርን ያደክማል። ልስላሴም ብቻውን ዋስትና አይሆንም። ጫማውን በእጃችሁ እጠፉት፦ ጣቶች በሚታጠፉበት ቦታ ቢታጠፍ ደግ ነው። መሃሉ ላይ ከተቆለመመ ወይም እንደ ፎጣ ከተጠመዘዘ ቀኑን ሙሉ ለመቆም አይሆንም።

«ካላመመኝ ጫማው ደህና ነው»

ይህኛው የሚያሳስበኝ የስኳር ሕመም ስላለባቸው ሰዎች ነው። ሕመሙ የእግርን ነርቭ ሲጎዳ፣ ጫማ እየላጠ እንኳ ላይሰማ ይችላል፤ ትንሽ ቁስል ሳይታወቅ ይከፋል። እናታችሁ ወይም አባታችሁ ስኳር ካለባቸው ማታ ማታ ውስጥ እግራቸውንና የጣቶቻቸውን መሃል እዩላቸው። ቁስል ካያችሁ ቤት ውስጥ አትሞክሩ፤ ሐኪም ጋ ውሰዷቸው። ጠዋት ጫማውን ከማድረጋቸው በፊትም እጃችሁን ውስጡ አስገብታችሁ ዳብሱት፤ ጠጠር፣ የተነሳ ስፌት ወይም የታጠፈ ንጣፍ ካለ ጣታችሁ ያገኘዋል።