የመርጫ አውሮፕላን ሞተር ሲጠፋ፦ የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

ፀረ ተባይ የሚረጭ አውሮፕላን ሥራውን የሚሠራው ከሰብሉ 3 ሜትር ያህል ብቻ ከፍ ብሎ፣ በሰዓት 200 ኪሎ ሜትር ገደማ እየበረረ ነው። እዚያ ላይ ሞተሩ ቢጠፋ ለአብራሪው የሚቀሩት ጥቂት ሰከንዶች ናቸው። ስለ እነዚህ ሰከንዶች የሚወራው የተሳሳተ ነገር ሕይወት ያስከፍላል።

«ሞተሩ ከጠፋ አውሮፕላኑ እንደ ድንጋይ ይወርዳል»

አይወርድም። የሚሸከመው ክንፉ ነው፤ ክንፉም ፍጥነት እስካለ ድረስ ይሸከማል። አብራሪው የአውሮፕላኑን አፍንጫ ቀና አድርጎ ያለውን ፍጥነት በከፍታ ይለውጣል፤ ፍጥነቱ ተሟጦ ሳያልቅ ደግሞ መልሶ ዝቅ ያደርገዋል። ዝቅ ማድረጉን ካዘገየ ግን ክንፉ ይከዳዋል።

«ኬሚካሉ ውድ ስለሆነ መጣል የለበትም»

ትልልቆቹ መርጫዎች እስከ 3,000 ሊትር ይይዛሉ፤ 3 ቶን ያህል ክብደት ነው። የአደጋ መጣያው እጀታ የተሠራው ለዚሁ ቀን ነው፤ ሳያመነቱ መሳብ ነው። ጭነቱ ሲፈስስ አፍንጫው ወደ ላይ ሊነሳ ስለሚችል መሪውን ወደ ፊት ገፋ አድርጎ መያዝ ያስፈልጋል።

«ወደ ማኮብኮቢያው መመለስ ይሻላል»

ከሁሉም የሚያስፈራኝ ይህኛው ነው። አውሮፕላን ከፍታውን ጠብቆ 60 ዲግሪ ተጋድሞ ሲዞር ክንፉ የሚሸከመው ክብደት እጥፍ ይሆናል፤ ላለመውደቅ የሚያስፈልገው ፍጥነትም 41 በመቶ ይጨምራል። ሞተር የሌለው አብራሪ ያን ፍጥነት ከየት ያመጣል? ከፍታውን ሸጦ ብቻ፣ እሱም የለውም። ስለዚህ ትንሽ ወደ ግራ ወይም ወደ ቀኝ ዘንበል ብሎ ፊት ለፊት ባገኘው ቦታ ማረፍ አለበት። የባሰ የሚሆነው ሞተሩ በማሳው ዳር፣ ለቀጣዩ መስመር እየዞረ ሳለ ሲጠፋ ነው፦ ፍጥነቱ ቀንሷል፣ ክንፉም ተጋድሟል። ያኔ ከሁሉ በፊት ክንፉን ማቃናት ይቀድማል።

«እርሻ ሁሉ ሜዳ ነው»

ረጅም በቆሎ ጎማውን ይዞ አውሮፕላኑን ሊገለብጠው ይችላል፤ የመስኖ ቦይም እንዲሁ። የሚመረጠው ፈሩን ተከትሎ፣ የሚቻል ከሆነም ነፋሱን ፊት ለፊት ተቀብሎ ማረፍ ነው። በሰዓት 160 ኪሎ ሜትር መሬት የነካ አውሮፕላን፣ በ80 ከነካው አራት እጥፍ ጉልበት ይዞ ይመጣል።

«የተረፈ በዕድል ነው»

አሜሪካዊው የአውሮፕላን መሐንዲስ ፍሬድ ዊክ እ.ኤ.አ. በ1950 ቴክሳስ ውስጥ ለእርሻ ብቻ የነደፈው ኤጂ-1 የተባለው አውሮፕላን የአብራሪውን ሕይወት ከመነሻው ያሰበ ነበር። ዛሬም በብዙዎቹ መርጫዎች ሞተሩና የኬሚካል ታንኩ ከፊት ናቸው፤ አብራሪው ከኋላ፣ ከፍ ብሎ፣ በጠንካራ ብረት ታጥሮ ይቀመጣል። አፍንጫው እየተጨማደደ ግጭቱን ይቀበልለታል። ይህ የሚጠቅመው ግን የትከሻ ቀበቶውን አጥብቆ ላሰረና የራስ ቁር ላደረገ ነው።

«ካረፈ አለቀ»

ነዳጁና ኬሚካሉ እዚያው ናቸው። አብራሪው ነፋሱን ፊት ለፊት እየተቀበለ ይራቅ፣ የራሰ ልብሱን አውልቆ በብዙ ውኃ ይታጠብ፣ ለሚደርሱለትም ምን ሲረጭ እንደነበር በስሙ ይንገራቸው።