በውኃ ውስጥ የሚኖረው የኮሌራ ባክቴሪያና በሽታ አምጪ ዘረመሎቹ

ቪብሪዮ ኮሌሬ የተባለው ባክቴሪያ አገሩ ውኃ ነው፤ የሰው አንጀት በየጊዜው የሚያርፍበት ማረፊያ እንጂ መኖሪያው አይደለም። ወንዝ ከባሕር በሚገናኝበት፣ ጨውነቱ በሳሳ ውኃ ውስጥ፣ ኮፔፖድ በሚባሉ ደቃቅ የውኃ እንስሳት ላይ ተጣብቆ ይኖራል። ጋንጀስና ብራህማፑትራ ወደ ቤንጋል ባሕረ ሰላጤ የሚገቡበት የባንግላዴሽና የሕንድ ረግረጋማ ምድር በዚህ የታወቀ ነው። የባክቴሪያው ንዑስ ዓይነቶች ከ200 በላይ ናቸው፤ ታላላቅ ወረርሽኞችን በማስነሣት የሚታወቁት ግን ኦ1 እና እ.ኤ.አ. በ1992 በዚያው ባሕረ ሰላጤ ዙሪያ ብቅ ያለው ኦ139 ብቻ ናቸው።

ስለዚህ በአንድ ወንዝ ቪብሪዮ ኮሌሬ ተገኘ ማለት ኮሌራ ገባ ማለት አይደለም። መጠየቅ ያለበት ባክቴሪያው የትኞቹን ዘረመሎች ተሸክሟል የሚለው ነው።

ዋነኛው የኮሌራን መርዝ የሚሠራው ሲቲኤክስ የተባለው ዘረመል ነው። በ1959 ሳምቡ ናት ዴ የተባሉ የካልካታ ሐኪም ባክቴሪያው ያደገበትን ፈሳሽ ባክቴሪያውን አጣርተው ካወጡ በኋላ ወደ ጥንቸል አንጀት ቢያስገቡት አንጀቱ በውኃ ተሞልቶ አበጠ። ጉዳቱን የሚያደርሰው ባክቴሪያው የሚያመነጨው መርዝ መሆኑ በዚህ ታወቀ። ሰውየው በሕይወት ሳሉ የሚገባቸውን ክብር አለማግኘታቸው ያሳዝነኛል። የመርዙ አንድ ክፍል ከአንጀት ሕዋስ ጋር ይጣበቃል፤ ሌላው ወደ ውስጥ ዘልቆ ፈሳሽ የሚለቀቅበትን ሥርዓት ክፍት እንደሆነ ያስቀረዋል። በጽኑ የታመመ ሰው በሰዓት እስከ 1 ሊትር ፈሳሽ ሊያጣ ይችላል። በአገራችን አተት የምንለው አጣዳፊ ተቅማጥና ትውከት ከኮሌራ ሲመጣ በሰዓታት ውስጥ ሰው የሚገድለውም በዚህ ምክንያት ነው።

እጅግ የሚያስደንቀው ግን ይህ ዘረመል መነሻው ከባክቴሪያው አለመሆኑ ነው። በ1996 ተመራማሪዎቹ ማቲው ዋልዶርና ጆን ሜካላኖስ ሲቲኤክስ ባክቴሪያን የሚያጠቃ ቫይረስ አካል መሆኑን አሳዩ። ቫይረሱ ይገባና ዘረመሉን ከባክቴሪያው ክሮሞሶም ጋር ያዋህዳል። የሚገባበት በር ቲሲፒ የተባለው ፀጉር መሰል አካል ነው፤ ባክቴሪያው በሰው አንጀት ላይ ለመስፈር የሚጠቀምበትም ይኸው ነው። በውኃ ናሙና ውስጥ ቲሲፒ ያለው፣ ሲቲኤክስ ግን የሌለው ባክቴሪያ ሲገኝ «መርዝ የለውም» ተብሎ መታለፍ የለበትም ባይ ነኝ፤ በሩ ክፍት ነውና። የቅርብ ዘመዱ ቪብሪዮ ሚሚከስ እንኳ አልፎ አልፎ ሲቲኤክስን ተሸክሞ ተገኝቷል።

ከውኃ ናሙና የሚገኙት ቪብሪዮ ኮሌሬዎች አብዛኞቹ ግን ሲቲኤክስም ቲሲፒም የሏቸውም። በብዛት የሚገኙባቸው ሕዋስን የሚጎዱ መርዞችን የሚሠሩት ኤችኤልዋይኤ እና አርቲኤክስኤ ናቸው። እነዚህ ባክቴሪያዎች ተቅማጥ፣ አንዳንዴም የቁስልና የደም ኢንፌክሽን ያመጣሉ፤ እንደ ኮሌራ ግን አገር አያዳርሱም።

ምርመራው ቀላል አይደለም። ውኃው ሲቀዘቅዝ ወይም ምግብ ሲጠፋ ባክቴሪያው በሕይወት እያለ በላቦራቶሪ ማሳደጊያ ላይ አልበቅል ይላል። ዘረመሉን በቀጥታ የሚፈልገው ፒሲአር የተባለው የላቦራቶሪ ምርመራ ይህን ችግር ያቃልላል፤ በሌላ በኩል የሞተውን ከሕያው አይለይም።

በ2010 በሄይቲ የአርቲቦኒት ወንዝን ተከትሎ ኮሌራ ሲዛመት፣ ምንጩ የአካባቢው ውኃ ነው ወይስ ከውጭ የመጣ ነው የሚል ክርክር ተነሥቶ ነበር። የባክቴሪያው ሙሉ ዘረመል ሲነበብ ከኔፓል ከተገኙት ጋር እጅግ የተቀራረበ ሆነ፤ በሽታው ከኔፓል በመጡ የተባበሩት መንግሥታት ሰላም አስከባሪዎች እንደገባም ታመነበት።

በ2005 የታተመ ጥናት ደግሞ ስለ ኮፔፖዶቹ ሌላ ነገር ገለጠ። ባክቴሪያው የእነርሱ ቅርፊት በተሠራበት ካይቲን ላይ ሲያድግ በዙሪያው የተበተነ ዲኤንኤ እየሳበ ወደ ራሱ ያስገባል፤ ቅርፊቱ መጣበቂያም የዘረመል መገበያያም ነው ማለት ነው። የባክቴሪያ ተመራማሪዋ ሪታ ኮልዌልና ባልደረቦቿ በባንግላዴሽ ማትላብ በ65 መንደሮች ባደረጉት ሙከራ ሴቶች ሳሪ ከሚባለው ባህላዊ ልብሳቸው ያረጀ ጨርቅ ቢያንስ አራት ጊዜ አጥፈው ውኃ ያጣሩበት ነበር። ባክቴሪያው ብቻውን ከሆነ ከጨርቁ ቀዳዳ ሾልኮ ያልፋል፤ የተጣበቀበት ኮፔፖድ ግን እዚያው ይቀራል። በእነዚያ ቤተሰቦች የኮሌራ ሕሙማን ቁጥር በግማሽ ገደማ ቀነሰ።