ሊብሄር፦ ከገጠር ግንበኛ እስከ ግዙፍ የክሬን አምራች

የግንባታ ሳይት አካባቢ የሚውል ሰው «ሊብሄር» የሚለውን ስም ቢጫ ክሬን ላይ ሳያየው አይቀርም። ድርጅቱ የተመሠረተው በጀርመን ነው። (ዓመቶቹ ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።)

1949 ላይ ሃንስ ሊብሄር በደቡብ ጀርመን፣ ኪርሽዶርፍ በምትባል ትንሽ ቦታ የወላጆቹን የግንባታ ሥራ ይመራ ነበር። ሁለተኛው የዓለም ጦርነት ካለቀ ገና አራት ዓመቱ ነው። ከተሞች ፈራርሰዋል፣ ቤት አልባው ብዙ ነው፣ በፍጥነት መገንባት የግድ ነው። የነበሩት ክሬኖች ደግሞ ከባድና ከሳይት ሳይት ለማዘዋወር የሚያስቸግሩ ነበሩ። ሃንስ ራሱ ግንበኛ ስለሆነ ችግሩን ያውቀዋል፤ እኔ ለዚህ ድርጅት ስኬት ትልቁን ቦታ የምሰጠው ለዚህ እውቀቱ ነው። በዚያው ዓመት ቲኬ 10 የተባለውን ታወር ክሬን ሠራ። በቀላሉ ተጓጉዞ እዚያው ሳይቱ ላይ ይገጣጠማል። ማማው ከነክንዱ ይዞርና ጡቡንም ሞርታሩንም ግንበኛው የቆመበት ድረስ ያደርሳል።

ፍራንክፈርት የንግድ ትርኢት ላይ ሲያቀርበው ታዲያ ብዙ ሰው አላመነበትም። ገበያው የመጣው ኋላ ነው። ሲመጣ ግን አላቆመም፤ የታወር ክሬኑ ሥራ ቢበራህ ከተማ ላይ ሰፋ፣ በ1950ዎቹ አጋማሽ ኤክስካቫተር (መሬት የሚቆፍር ማሽን) እና ፍሪጅ ጭምር ተጨመረ። አዎ፣ የቤት ፍሪጅ! 1958 ላይ ደግሞ ከጀርመን ወጥቶ አየርላንድ፣ ኪላርኒ ላይ ፋብሪካ ከፈተ። ከዚያ የሚወጡት የወደብ ኮንቴይነር ክሬኖች ናቸው።

ባለ ጎማ ክሬኖቹ የሚሠሩት በኤይንገን ነው፤ ፋብሪካው 1969 ተከፈተ። እዚህ ላይ 2007 የወጣውን ኤልቲኤም 11200 ሳይጠቅሱ ማለፍ አይቻልም። ዘጠኝ አክስል (ጎማዎቹ የሚያያዙበት ዘንግ) አለው፣ እየተሳበ የሚረዝመው ክንዱ 100 ሜትር ይደርሳል፣ አቅሙ 1200 ቶን ነው። ግን ልብ በሉ፤ ይህን ሁሉ የሚያነሳው ሸክሙ ከክሬኑ መሃል 2.5 ሜትር ብቻ ሲርቅ ነው። ሸክሙ በራቀ ቁጥር ክሬኑን ወደዚያው ለመገልበጥ ይጎትተዋል፣ የሚፈቀደው ክብደትም በፍጥነት ይወርዳል። ስለዚህ ኦፕሬተሩ የሸክሙን ኪሎ ብቻ ሳይሆን ርቀቱንም ሳያውቅ ማንሳት የለበትም። «1200 ቶን» የሚለውን ቁጥር ብቻ አይቶ ክሬን የሚመርጥ ተቋራጭ አደጋ ላይ ነው።

ከዚያም የሚከብድ አለ። በሰንሰለት የሚሄደው ኤልአር 13000 እስከ 3000 ቶን ያነሳል።

ሃንስ ሊብሄር 1993 ዐረፈ። ሥራውን ልጆቹ ኢዞልደና ቪሊ ተረከቡ፣ አሁን ሦስተኛው ትውልድም ገብቶበታል። ዋና መሥሪያ ቤቱ ስዊዘርላንድ ውስጥ ቡል ከተማ ሲሆን፣ ከ50,000 በላይ ሠራተኞች ቢኖሩትም አክሲዮኑ ለገበያ አልወጣም፤ ሙሉ በሙሉ የቤተሰቡ ነው።