ከበሩ በላይ የተቀረጸው ቃል

ወገኖች፣ የጌታ ሰላም ይብዛላችሁ። በፈረንሳይ ደቡባዊ ክፍል፣ ክረምቱ በሚከብድበት ደጋ ላይ፣ ለ ሻምቦን ሱር ሊኞን የምትባል ትንሽ ከተማ አለች። የፕሮቴስታንቶቹ ጸሎት ቤት ጌጥ የሌለው የድንጋይ ቤት ነው። ከበሩ በላይ «እርስ በርሳችሁ ተዋደዱ» የሚል ቃል ተቀርጿል።

ይህ ቃል በር ለመዝጋትም ያገለግላል። ጌታ የተናገረው ለደቀ መዛሙርቱ ስለሆነ (ዮሐ. 13፥34)፣ «እርስ በርስ ማለት እኛው በእኛው ነው» የሚል አይጠፋም። የለ ሻምቦን ምእመናን ግን እንዲህ አላነበቡትም።

አባቶቻቸው የስደትን ጣዕም ያውቁት ነበር። ንጉሥ ሉዊ 14ኛ በ1685 (እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር) ለፕሮቴስታንቶች የአምልኮ ነጻነት የሰጠውን የናንትን አዋጅ ሲሽር የፈረንሳይ ፕሮቴስታንቶች አምልኮ ታገደ፤ ጸሎት ቤቶቻቸው ፈረሱ፤ መጋቢዎቻቸው ሲያዙ ይገደሉ ነበር። ከመቶ ዓመት በላይ በየዱሩ ተደብቀው አመለኩ። ይህን እየሰማ ላደገ ልጅ «ስደተኛ» የሚለው ቃል የአያቱ ስም ነው።

በሰኔ 1940 ፈረንሳይ ለናዚ ጀርመን እጅ ሰጠች። ስምምነቱ በተፈረመ ማግስት፣ እሑድ፣ መጋቢ አንድሬ ትሮክሜና ባልደረባቸው ኤድዋር ቴይስ ለምእመናኑ አንድ መልእክት አስተላለፉ፦ በኅሊናችን ላይ የሚመጣውን ግፍ በመንፈስ የጦር ዕቃ እንቃወማለን። ስለ መማፀኛ ከተሞች የሚናገረውን ዘዳግም 19ንም ያስተምሩ ነበር፤ ንጹሕ ደም በምድራችሁ አይፍሰስ የሚለውን።

ትምህርቱ የተፈተነው ግን በወጥ ቤት ነው። በዚያው ክረምት አንዲት ከጀርመን የሸሸች አይሁዳዊት የመጋቢውን ቤት አንኳኳች። የመጋቢው ባለቤት ወይዘሮ ማግዳ አስገቧት፣ እሳት ዳር አስቀመጧት። በበረዶ የራሰው ጫማዋ እንዲደርቅ ምድጃው ጋ ቢቀመጥ ተቃጠለ! ሁሉ ነገር በጠፋበት የጦርነት ዘመን ወይዘሮ ማግዳ ለእንግዳዋ ሌላ ጫማ ፍለጋ ወጡ። እንግዳ መቀበል ብዙ ጊዜ ይህን ይመስላል፤ ጫማ ታቃጥልና ጫማ ትፈልጋለህ።

ከእርሷ በኋላ ብዙዎች መጡ። በከተማዋና በዙሪያዋ ባሉ መንደሮች የተጠለሉት ስደተኞች ከ3000 እስከ 5000 እንደሚደርሱ ይገመታል፤ አብዛኞቹ አይሁድ ነበሩ። ሃይማኖታችሁን ለውጡ ብሎ የተጫነን አልነበረም ሲሉ ከዚያ የተረፉ መስክረዋል። እኔን ከሁሉ በላይ የሚገርመኝ ይህ ነው። ዋጋም ተከፍሎበታል፤ የመጋቢው ዘመድ ዳንኤል ትሮክሜ ከሚያሳድጋቸው ልጆች ጋር በ1943 ተይዞ፣ በ1944 በናዚዎች የእስር ካምፕ በማይዳኔክ ሞተ።

እኛ ደግሞ እሑድ እሑድ «አዲስ የመጣችሁ ካላችሁ ብድግ በሉ» እንላለን። እናጨበጭባለን። ከዚያ እንግዳው ብቻውን በሩን አልፎ ይሄዳል። ሊጠጋን ቢፈልግ ደግሞ ቀድመን የመሸኛ ደብዳቤ እንጠይቀዋለን። ሥርዓት አያስፈልግም ማለቴ አይደለም፤ አገልጋይ እንደመሆኔ እኔም ጠይቄያለሁ። ነገር ግን «እንግዶችን መቀበል አትርሱ» (ዕብ. 13፥2) የሚለው ትእዛዝ ደብዳቤውን ከምሳው አያስቀድምም።

በየካቲት 1943 ምሽት ፖሊሶች መጋቢ ትሮክሜን ሊያስሩ መጡ። የራት ሰዓት ነበርና ወይዘሮ ማግዳ ቁጭ በሉ አሏቸው፤ ማዕዱ ቀርቦ ነበር። ባላቸውን ሊወስዱ የመጡትን እንዴት ራት ይጋብዛሉ ተብለው በኋላ ሲጠየቁ ጥያቄው ራሱ ግራ አጋባቸው፤ ሰዓቱ ደርሶ ነበር፣ ምግቡም ተዘጋጅቶ ነበር። ወሬው ሲዛመት ጎረቤቶች ለእስረኛው ስንቅ ይዘው ይገቡ ጀመር። ሻማ ያመጣ ነበር፤ ክብሪት ግን ያመጣ የለም። የፖሊሶቹ አለቃ ከኪሱ የራሱን ክብሪት አውጥቶ ሰጠ።