«የሰው ስም አለበት፤ አይሰጥም»

መንግሥት መሥሪያ ቤት መረጃ የሚጠይቅ ሰው ደጋግሞ የሚሰማው መልስ ነው፦ «ሰነዱ የሰው ስም አለበት፤ የግል መረጃ ጥበቃ ሕግ ይከለክለናል»። ስህተት ነው። ሕጉ የሚጠብቀው ሰውየውን እንጂ ወረቀቱን አይደለም። በአርባ ገጽ የግዢ ሰነድ ውስጥ ሦስት ቦታ የግለሰብ ስልክና የቤት አድራሻ ቢገኝ፣ ሦስቱ ተሰርዘው አርባውም ገጽ ይሰጣል። ውሉን የፈረመውን ኃላፊ ስም ብዙ ጊዜ መሰረዝም አያስፈልግም፤ የፈረመው በመንግሥት ሥራው ነው። የሕመም ፈቃዱ ግን የራሱ ጉዳይ ነው።

«እሺ፣ እንሰርዝ» ሲባል ደግሞ ዋናው ጣጣ ይመጣል፦ መደበቅን እንደ መሰረዝ መቁጠር። እ.ኤ.አ. በኦገስት 2023 የሰሜን አየርላንድ ፖሊስ በየማዕረጉ ስንት ሰው እንዳለው ተጠየቀ። ቁጥር ብቻ ነበር የተፈለገው። በላከው የኤክሴል ፋይል ውስጥ ግን አንድ የተደበቀ ሺት ቀርቶ ነበርና የ9,483 ባልደረቦቹ የቤተሰብ ስም፣ ማዕረግና የሥራ ቦታ ኢንተርኔት ላይ ወጣ። የብሪታንያ የግል መረጃ ጥበቃ ተቆጣጣሪ አካል 750,000 ፓውንድ ቀጣው።

ስለዚህ መረጃ የምትሰጡ ሠራተኞች፣ ዋናውን ፋይል አትላኩ። የተጠየቀውን ብቻ፣ ቫልዩውን (የሚታየውን ቁጥርና ጽሑፍ) ብቻ፣ ወደ አዲስ ፋይል ገልብጡ፤ ፒቮት ቴብል (ከሌላ ዳታ የተጠቃለለ ሠንጠረዥ) እንዳለ ከተገለበጠ የተሠራበትን ዳታ ይዞ ሊሄድ ይችላል። ከዚያ በሲኤስቪ (ተራ ጽሑፍ ብቻ በሚይዝ የሠንጠረዥ ፋይል) አስቀምጡት፤ ሲኤስቪ ከአንድ ሺት በላይ አይዝም፣ የተደበቀ ዓምድ ካለበትም መልሳችሁ ስትከፍቱት ፊት ለፊት ታዩታላችሁ። ፒዲኤፍ ላይ ጥቁር ሳጥን መሳልም ምንም አይሰርዝም፤ ጽሑፉ ከሥሩ ስላለ ኮፒ ይደረጋል። የፒዲኤፍ ፕሮግራሙን መሰረዣ መሣሪያ ተጠቀሙ፣ ወይም አትማችሁ ስካን አድርጉት። በመጨረሻም የሰረዛችሁትን ስም ፋይሉ ውስጥ ፈልጉት። ከተገኘ አልተሰረዘም።

«ስም ከጠፋ ማንነት ጠፋ» የሚሉም አሉ። በሠንጠረዡ ላይ «ቀበሌ፣ ዕድሜ፣ በሽታ» ተብሎ ቁጥሩ 1 ከሆነ ጎረቤት ሁሉ ያውቀዋል።

ጠያቂዎችም የሚሳሳቱት አለ። «ለምን እንደምፈልገው ማስረዳት አለብኝ»፦ በአብዛኞቹ አገሮች ሕግ አይጠበቅባችሁም።

«የራሴንም ፋይል በመረጃ ነጻነት ሕግ እጠይቃለሁ»፦ ይህ ሕግ ማንም ሰው የመንግሥት መረጃ እንዲጠይቅ የሚፈቅደው ነው፤ በእሱ የሚሰጥ መረጃ ብዙ ጊዜ ለማንም እንደተሰጠ ይቆጠራል። የራስ ፋይል በብዙ አገሮች የሚጠየቀው በግል መረጃ ጥበቃ ሕግ ነው፤ በአውሮፓ ኅብረት ሕግ መልሱ በመደበኛው በአንድ ወር ውስጥ፣ ያለ ክፍያ መድረስ አለበት።

«የግል መረጃ ነው» ተብላችሁ ከተመለሳችሁ፣ ክልከላውን የአንቀጹ ቁጥር ተጠቅሶ በጽሑፍ እንዲሰጧችሁ ጠይቁ። በዚያው ደብዳቤ «የግል የሆነው ክፍል ተሰርዞ ቀሪው ይሰጠኝ» ብላችሁ ጻፉ። ይግባኝ ስትሉ የምትይዙት እነዚህን ሁለት ወረቀቶች ነው።