ነጻ ትምህርት ከሆነ መዋጮው ምንድን ነው?

የምዝገባ ሰሞን ጎንደር ውስጥ ይሄ ጥያቄ አይጠፋም። አዘዞም ይሁን ፒያሳ፣ ልጁን ሊያስመዘግብ የሄደ ወላጅ "መዋጮ" ሲባል ግንባሩን ይቋጥራል። እውነቱን ነው። በ1986 ዓ.ም. የወጣው የትምህርት ፖሊሲ እስከ 10ኛ ክፍል ወጪውን መንግሥት ይሸፍናል ብሎ ነበር።

ግራ የሚያጋባው ሦስት ዓይነት ብር መኖሩ ነው።

ዋናው "ብሎክ ግራንት" ነው። ሲሰሙት የግንብ ብሎክ ይመስላል፤ ግን ጥቅል በጀት ማለት ነው። ፌዴራል መንግሥት ለክልሉ ይደጉማል፣ ክልሉ ደግሞ በቀመር ለወረዳና ለከተማ አስተዳደር ያከፋፍላል። ለትምህርት ስንት፣ ለጤና ስንት የሚለውን ተቀባዩ ይወስናል። ለትምህርት የደረሰው አብዛኛው በመምህራን ደመወዝ ያልቃል።

"ስኩል ግራንት" ሌላ ነው። በተማሪ ቁጥር ተሰልቶ ለትምህርት ቤቱ ይመጣል፤ ለጠመኔ፣ ለማጣቀሻ መጽሐፍ፣ ለጥገና። ስለዚህ ልጅዎ መዝገብ ላይ መኖሩ ራሱ ብር ነው።

መዋጮው ሦስተኛው ነው። እግሩ የተሰበረው ዴስክ፣ የጥበቃው ደመወዝ፣ የሚያፈሰው ጣሪያ ብዙ ጊዜ በዚህ ይሸፈናል። ክፍያ ሳይሆን የማኅበረሰብ ተሳትፎ ነው የሚባለው፤ ወላጆች በስብሰባ ሊመክሩበት ይገባል። ስብሰባውን ቀርተው በኋላ መነጫነጭ ግን አያዋጣም። ሲከፍሉ ደረሰኝ ይጠይቁ።