«በገንዘቤ ነው የገዛሁት» እና ሌሎች የሞተር ስርቆት ወሬዎች

ሐዋሳ ላይ ሞተር ሳይክል ስጠግን 14 ዓመቴ ነው። በዚህ ሁሉ ጊዜ ስለ ስርቆት የምሰማው ወሬ አልተለወጠም። ሞተሩ የጠፋበት ሰው መጥቶ ማውራት ሲጀምር ቀሪውን እኔ ልጨርስለት እችላለሁ። ዛሬ አንዴ ልጻፈውና ልረፍ።

«መሪውን ቆልፌው ነበር።» የመሪ ቁልፍ ማለት ከትንሽ ጣታችሁ የምትቀጥን ብረት ናት። የተሰበረ የመሪ ቁልፍ በየጊዜው እቀይራለሁ። ብዙዎቹን የሰበሩት ቁልፍ የጠፋባቸው ባለቤቶቹ ራሳቸው ናቸው። እናንተ ከሰበራችሁት ሌባው ምን ይቸግረዋል? ወፍራም ሰንሰለት ግዙና የኋላ ጎማውን ከማይነቀል ነገር ጋር እሰሩት። ከችግኝ ጋር ያሰረ ደንበኛ ነበረኝ። ችግኙም አብሮ ሄዷል።

«የሚሰረቀው ሌሊት ነው።» ቀንም ነው። ለቅሶ ድንኳን አጠገብ፣ ቤተ ክርስቲያን ደጅ፣ በገበያ ቀን።

«ጂፒኤስ አስገብቻለሁ።» ጥሩ አድርጋችኋል። ግን ሽቦውን ከወንበሩ ሥር ተንጠልጥሎ ካየሁት ሌባውም ያየዋል። መረጃ የሚልከው ደግሞ በሞባይል ኔትወርክ ነው። ኔትወርክ የሌለበት ቀበሌ ከገባ ዝም ይላል።

«ኢንሹራንስ አለኝ።» የትኛው? የሦስተኛ ወገን መድን በአዋጅ ግዴታ የሆነው የምትገጩት ሰውና ንብረት እንዲካስ ነው። ለተሰረቀ ሞተር ሰባራ ሳንቲም አይከፍልም። ለስርቆት የሚከፍል ሽፋን ለብቻው ይገዛል። ስቲከሩን እያሳያችሁኝ አትከራከሩኝ፣ አዋጁን የጻፍኩት እኔ አይደለሁም።

«ገጠር ሌባ የለም፤ ሁሉም ይተዋወቃል።» ችግሩም እኮ እሱ ነው። የሚያውቃችሁ ሰው ገበያ የምትሄዱበትን ቀንም ያውቃል፣ ውሻችሁም አይጮህበትም። አንድ ገበሬ ደንበኛዬ በሬዎቹን ሌባ ፈርቶ እቤት ውስጥ ከልጆቹ ጋር ያሳድራል። ሞተሩን ግን ደጅ፣ ጣሪያው ሥር ያቆመዋል። «ጋሼ፣ ለምን?» ስለው «በሬ ይነዳል፣ ሞተር ግን ሲነሳ ይሰማል» አለኝ። ገፍተው ነው የወሰዱበት። ቁልቁለት ላይ ሞተር ምንም አይጮህም።

«ሌባ ሲያዩት ያስታውቃል።» ድሮ ሌባ ሻይ የሚባል ነገር ነበር። ለአንድ ልጅ መድኃኒት ያጠጡትና ይለቁታል፤ ሄዶ የወደቀበት ቤት ባለቤት ሌባ ይባላል። ሥርዓቱ ቀረ እንጂ አስተሳሰቡ አልቀረም። ሞተር ሲጠፋ መጀመሪያ የሚያዘው ጫማ የሚጠርገው ልጅ ነው። እኔ ጋ በመጡት ጉዳዮች ግን ደጋግሜ ያየሁት ሌላ ነው፦ ሞተሩን የተዋሰና ቁልፉን ያስቀረጸ ጓደኛ። የማታውቁትን ልጅ ከመደብደባችሁ በፊት ቁልፉን ማን ማን ይዞት እንደነበር ቁጠሩ።

«ፖሊስ ጋ መሄድ ትርፉ ድካም ነው።» ሞተሩን ላታገኙት ትችላላችሁ፣ እውነት ነው። ግን የምታመለክቱት ለሞተሩ ብቻ አይደለም። አዲስ አበባ በ2011 ዓ.ም. ሞተርን ስታግድ የተሰጠው ምክንያት ሞተር የዝርፊያ መሣሪያ ሆኗል የሚል ነበር። ስልክ የሚነጥቅ ሰው በራሱ ሊብሬ፣ ማለትም በስሙ በተመዘገበ ሞተር፣ አይነጥቅም። ነጠቃው በእናንተ ታርጋ ከተፈጸመና እናንተ ካላመለከታችሁ፣ መጀመሪያ የሚንኳኳው የእናንተ በር ነው። በዚያው ቀን ሂዱና ያመለከታችሁበትን ማስረጃ ያዙ።

አሁን ወደሚያቃጥለኝ ልምጣ።

«ሌባው ይጠየቅ እንጂ እኔ በገንዘቤ ነው የገዛሁት።» ይህን የሚሉኝ ሰዎች ሌባ አይደሉም። መምህር አለ፣ ነጋዴ አለ። ሁሉም ሞተሩን በግማሽ ዋጋ ነው ያገኙት፣ የሁሉም ሻጭ ደግሞ «ሊብሬው በሂደት ላይ ነው» ብሏቸዋል። ለምን ረከሰ ብሎ የጠየቀ የለም።

የ1996ቱ የወንጀል ሕግ የሚይዘው ሰራቂውን ብቻ አይደለም። የተሰረቀ መሆኑን እያወቀ፣ ወይም መጠርጠር ሲገባው፣ የገዛ፣ በመያዣ የተቀበለ፣ የደበቀ፣ ያሻሻጠ ሁሉ ይጠየቃል። ግማሽ ዋጋና የሌለ ሊብሬ ዳኛ ፊት ሲቀርቡ «አልጠረጠርኩም» ማለት እንዴት ይሆናል? ከወንጀሉ ነፃ ብትወጡ እንኳን ባለቤቱ ሞተሩን አስመልሶ ይወስዳል። ገንዘባችሁን ከሻጩ ጠይቁ። ስልኩ ግን ተዘግቷል።

«የተሰረቀ ሳይሆን ኮንትሮባንድ ነው» የሚሉም አሉ። ይሄ እንደ መከላከያ ሲቀርብ ስሰማ መፍቻው ከእጄ ይወድቃል። ጉምሩክ አይወርሰውም ያላቸው ማነው?

ባለፈው ወር አንድ ወጣት ቦክሰር የሚባለውን የባጃጅ ፋብሪካ ሞተር ይዞ መጣ። «አለቃ፣ ፍሪሲዮኑን እየው» አለኝ። እኔ ግን ዓይኔ የሞተሩ አንገት ላይ ነበር። የሻንሲ ቁጥር፣ ማለትም የሞተሩ ብረት አካል መለያ ቁጥር፣ መሪው ከሻንሲው ጋር በሚገናኝበት አንገት ላይ ነው የሚመታው። ሞተሩ በሙሉ አቧራ ሆኖ እዚያች መዳፍ የምታህል ቦታ ላይ ብቻ ጥቁር ቀለሙ ያበራል። በቤንዚን ጨርቅ ጠረግኩት። ፋብሪካ ሲመታ ቁጥሮቹ በአንድ መስመር፣ በእኩል ጥልቀት ይሰለፋሉ። እዚህ ግን 8ቷ ወደ ጎን ተጋድማለች፣ ከሥሯም የሞረድ ጭረት አለ። ባጃጅ ፋብሪካ ከህንድ የሚልከው ሞተር ቁጥሩ ኤም፣ ዲ፣ 2 ብሎ ይጀምራል። ይሄኛው በኤል ይጀምራል።

ሞተር ስትገዙ ከማርሚታው ድምፅ በፊት ይህን እዩ። ከዚያ ከታች ኤንጂኑ ላይ ያለውን ሁለተኛ ቁጥር። ሁለቱንም ከሊብሬው ጋር ፊደል በፊደል አስተያዩ። ሊብሬውን ትራንስፖርት ቢሮ አጣሩ፣ ውሉን ውልና ማስረጃ ፈጽሙ። ሻጩ «ለምን ትለፋለህ» ካላችሁ ቤታችሁ ግቡ።

ልጁን አስቀምጬ አስረዳሁት። ፖሊስ ጋ ሄዶ እውነቱን እንዲናገር መከርኩት። ለረጅም ጊዜ ዝም አለ። ከዚያ «አለቃ፣ ቁጥሩን አስተካክለህ ልትመታልኝ አትችልም?» አለኝ። ቁልፉን እጁ ላይ አስቀመጥኩለት።

ከሦስት ቀን በኋላ ያንኑ ቦክሰር ቴሌግራም ላይ አየሁት። «አስቸኳይ ሽያጭ። ሊብሬ በሂደት ላይ» ይላል። ፎቶው ላይ አንገቱ አዲስ ቀለም ተቀብቷል። ስክሪንሾቱን ይዤ ጣቢያ ሄድኩ።